በጅቡ ፊት

«ሳባ! ሳባ፣ ተነሥ እንጂ! የልጅ ልጅህ ሊጠይቅህ መጥቷል!»

አልሞግ የጅቡን የመስታወት ሣጥን በጣቱ እያንኳኳ ነበር። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ነው። ጅቡ ግን ዝምድና የሚቆጥርበት ጊዜ አልፎበታል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከናታንያ ከተማ ወጣ ብሎ መኪና ገጭቶት ሞቷል፤ ሆዱ በጭድ ተሞልቷል፤ ዓይኖቹ በብርጭቆ ተተክተዋል። እንደዚያም ሆኖ ጥርሱን እንዳገጠጠ ቆሞ ሲያዩት ደስ አይልም።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ። ከዶራ ሰፈር እስከ ሙዚየሙ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ሲጮኹ መጥተው፣ በመርፌ የተሰኩ ቢራቢሮዎችና የደረቁ እባቦች ሲያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆይተው፣ አሁን ማንም ትንሽ ቢነካካቸው ይስቁ ነበር።

የልጅ ልጅ የተባለው ቢምረው ነው። ከጎንደር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል፣ ዕብራይስጡ ከክፍሉ ሁሉ ያንሳል። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ጅቡን ትቶ ወለሉን ያያል።

ተናኜ ከእነሱ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ስንዴ ትፈጭ ነበር። የእንስሳቱ አዳራሽ አልቆ የጥንት ዕቃዎች ክፍል በሚጀምርበት ጥግ፣ ተማሪዎች በእጃቸው እንዲነኩት የተፈቀደ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ የጥቁር ድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ተቀምጧል። ግማሹ ክፍል በወረፋ ሞክሮት ስንዴውን ወለሉ ላይ ከመበተን በቀር ያገኘው ነገር አልነበረም። ተናኜ ግን እስከ ስምንት ዓመቷ ያደገችው ጎንደር ነው። መጁን በሁለት እጇ ይዛ ክብደቷን ስትጥልበት ስንዴው ወዲያው ደቀቀ። አስጎብኚው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ፣ «ኮል ሃካቮድ!» ብሎ አመሰገናት። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም አመስግኗት አያውቅም ነበርና ደስታው ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

«ሳቭታ ነግራኛለች» አለ አልሞግ አያቱን ጠቅሶ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በኤሜት፣ እውነት! እነ ቢምረው አገር ሰዎቹ ቀን ቀን ብረት ይቀጠቅጣሉ። ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ። ከዚያ ሰው ይበላሉ!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ቢምረው አሁንም ወለሉን ያያል።

አልሞግ ክፉ ልጅ አልነበረም። ቀልደኛ ነው፤ ቀልዱ ሲያልቅበት ከየትም ያመጣል። የእሱም እናትና አባት ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን የተወለደው እዚሁ ናታንያ ነው፤ አያቱ የነገሩት ነገር ለሱ ተረት ነው። ለተናኜ ግን ተረት አይደለም። አያቷ አባ ዘመዱ ቀጥቃጭ ነበሩ። አንድ ክረምት የጎረቤት ሕፃን ትኩሳት ይዞት ሞተ። መንደርተኛው «ቀጥቃጩ ጅብ ሆኖ በላው» ብሎ ዱላ ይዞ መጣ። አባ ዘመዱን ከቤታቸው ጎትተው አወጧቸውና ሁለቱንም እጃቸውን በገዛ መዶሻቸው ሰባበሩት። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ እህል የሚያጎርሳቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ያጎረሰቻቸው የተናኜ እናት ናት። ይህን ለተናኜ የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጅብ በቤታቸው ተወርቶ አያውቅም።

«አሁን ጸጥ በሉ» አለ አስጎብኚው። «መብራቱን ላጠፋው ነው። ጅቡ በሌሊት እንዴት እንደሚጮህ እንሰማለን።»

አዳራሹ ጨለመ። ከጅቡ ሣጥን ሥር ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብቻ ቀረች። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ያ ጩኸት መጣ፣ ረጅሙ፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚሰበረው። አልሞግም አብሮ ጮኸ።

«አው-ው-ው! ቢምረው፣ ዛሬ ማታ ማንን ልትበላ ነው?»

ተናኜ ያኔ ምን እንዳሰበች ኋላ ስትጠየቅ መናገር አልቻለችም። ምንም አላሰበችም። አራቱን እርምጃ ተራመደች፤ መጁ በእጇ ነበር፤ አነሣችውና አልሞግን በሙሉ ኃይሏ ከጆሮው በላይ መታችው። ድምፁ ሐብሐብ ደረጃ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር። አልሞግ አልጮኸም። ወደ ፊቱ ሄደና ሣጥኑን በግንባሩ ተላተመው፤ መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በላዩ ላይ ረገፈ።

መጁ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ። ጅቡ አሁንም ከማጉያው ይጮሃል።

መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ የታየው ደም ነው። አልሞግ በጎኑ ወድቆ፣ ጉንጩ ላይ የመስታወት ስባሪ ተሰክቶ፣ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ልጆች ጮኹ፤ አንዷ እዚያው አስታወከች። ቢምረው ደግሞ እግሩ ሥር የቆመውን መጅ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ወድቆ ያየውን ነገር ወደ ቦታው መመለስ ለምዶበታል፤ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም። ሁለት እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። መጁ ደም ነበረበት።

ያን ያየው ጥበቃው ነው። ከተማዋ ካየቻቸው ፍንዳታዎች ወዲህ የትምህርት ቤት ጉዞ ያለ ባለሽጉጥ ጥበቃ አይወጣም፤ ይህኛው ወጣት፣ ከጦር ሠራዊት ከወጣ ዓመት ያልሞላው፣ ጠዋቱን ሙሉ በር በር የሚያይ ሰው ነው። ሦስት ልጆች ገፍትሮ ደረሰና የቢምረውን እጅ ወደ ኋላ ጠምዝዞ በደረቱ ወለሉ ላይ ዘረረው። በጉልበቱ ጀርባውን ተጫነው። ቢምረው በአማርኛ «ኧረ ክንዴ!» አለ። ጥበቃው አልገባውም፤ ጉልበቱን ይበልጥ ተጫነ።

መምህርቷ ሚሬት ሻርፗን ፈትታ የአልሞግን ራስ እየጠቀለለች ወደ ቢምረው ጮኸች። «አንተ ነህ? እየኝ! ዓይኔን እየኝና መልስ!»

ቢምረው በጥበቃው እጅ ተይዞ ከወለሉ ላይ ተነሥቶ ነበር። አላያትም። በአገሩ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ብልግና ነው፤ አንገት ይደፋል። ስለዚህ አንገቱን ደፋ። ሚሬት ደግሞ አንገት የሚደፋው ያጠፋ ሰው ነው ብላ ነው ያደገችው።

«ሞራ፣ እኔ አይቻለሁ» አለ አንድ ድምፅ መምህርቷን ጠርቶ። «ቢምረው ነው።»

ይፍዓት ነበረች። የተናኜ የልብ ጓደኛ። በጨለማው ውስጥ ከተናኜ ትከሻ አጠገብ የቆመችው እሷ ነበረች።

ተናኜ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ክፍሉን ወደ ግቢ አወጡት። ይፍዓት የተናኜን ክንድ ይዛ ሴቶች መጸዳጃ ቤት አስገባቻትና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

«ታጠቢ። ጥፍርሽ ውስጥ ዱቄት አለ። እጅጌሽን ደግሞ አጣጥፊው።»

ተናኜ ታጠበች። ውኃው መጀመሪያ ነጭ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀላ አለ።

«ለምን ቢምረው ነው አልሽ?»

«ምን ልበል? ተናኜ ናት ልበል?» ይፍዓት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምናሄሌቷ ያለችሽን ረሳሽው? ከእንግዲህ ማንንም ብትነኪ ፕኒሚያ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ሰሜን ጫፍ! በወር አንዴ ነው የምትመጪው። እናትሽን ማን ኩፓት ሆሊም ይወስዳታል? እኔ?»

እውነቷን ነው። ተናኜ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ተደባድባለች፤ በመጨረሻው ጊዜ የአንዲት ልጅ አፍንጫ ሰብራለች። የምናሄሌቷን፣ የርእሰ መምህርቷን፣ ቢሮ ግድግዳ ሥዕል በቃሏ ታውቀዋለች። እናቷ አገኘሽ ደግሞ ኩላሊቷን ታማለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ክሊኒክ ሄዳ ደሟን በማሽን ታጥባለች። ዕብራይስጥ አታውቅም። ሐኪሙ የሚለውን የምትነግራት፣ መድኃኒቱን የምትቆጥርላት ተናኜ ናት። ባለፈው ክረምት ተናኜ ለሁለት ቀን ከክፍሏ ጋር ወጥታ ሳለ እናቷ ኪኒኖቹን አሳስታ ዋጠች፤ ስትመለስ ያገኘቻት ወለል ላይ ነው። ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ ዛሬ እናት አልነበራትም።

«ቢምረው ምንም አይሆንም» አለች ይፍዓት። «ወንድ ነው፣ ጠንካራ ነው። ይቆጡታል፣ ሁለት ሳምንት ያባርሩታል፣ ሃላስ፣ አለቀ።»

«እጁን አስረውታል።»

«ይፈቱታል።»

«አልሞግ ቢሞትስ?»

ይፍዓት ቧንቧውን ዘጋችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ለአንቺ ብዬ ነው» አለች፤ ተናኜም ለእሷ ብላ እንደሆነ ታውቃለች። የሚያሳምማትም እሱ ነበር። ወደዚህ አገር ስትመጣ ማንም አጠገቧ መቀመጥ ሳይፈልግ ይፍዓት ወንበሯን ጎትታ የመጣች ልጅ ናት።

ቢምረውን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጥተው አስቀምጠውታል። እጆቹ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወደ ኋላ ታስረዋል፤ ከንፈሩ አብጧል። ጥበቃው ጥግ ላይ ቆሞ በፔሌፎኑ ከሚሽታራ፣ ከፖሊስ፣ ጋር ያወራል። ተናኜ ማለፍ ነበረባት፤ አላለፈችም።

«ቢምረው» አለችው በአማርኛ።

«ታጠብሽ?» አላት። ቀና አላለም።

ተናኜ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለች። «አይተሃል?»

«መጁ በማን እጅ እንደነበረ አውቃለሁ። ዕውር ነኝ እንዴ?»

«ለምን አልተናገርህም ታዲያ?»

«በምን ቋንቋ?» ቢምረው ሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ወጣው። «ደግሞ ልንገርሽ፣ ልመታው ብፈልግ ራሴ እመታው ነበር። ማን ለመነሽ? በሳቁ ይሰለቻል ብዬ ዝም አልኩት። አንቺ መጥተሽ ገደልሽው።»

«አልሞተም!»

«በዕብራይስጥ!» ብሎ ጮኸ ጥበቃው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ። «በዕብራይስጥ አውሩ ወይ ሂጂ!»

ቢምረው ድምፁን ቀነሰ። «አባቴን ጠርተውታል። ሚሽታራ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ይቆጣኛል ብዬ አይደለም። ልጅህ ደም አፍስሷል ካሉት አይጠይቅም፣ አያጣራም። እዚያ አገር እንደሚደረገው ያደርጋል።»

«ምንድን ነው የሚያደርገው?»

ጥበቃው መጥቶ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ገፋት።

ግቢው ሰፊ ነው። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይነፍሳል፣ ማዶ የኪርያት ሀሻሮን ረጃጅም ሕንጻዎች ይታያሉ። ከመሬት ተቆፍረው የወጡ ድንጋዮች፣ የወይራ መጭመቂያ፣ የተሰበረ ዓምድ፣ የክብደት ድንጋይ፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸው በሣሩ ላይ ተደርድረዋል። አምቡላንሱ ጠጠሩ ላይ ቆሟል። አልሞግን በቃሬዛ አውጥተውት ነበር፤ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዓይኑን ይከፍታል፣ ግን ማንንም አያይም። ሁለት ጊዜ «ኢማ» አለ። እናቱን መጥራቱ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ብርሃነሽ ደርሰዋል። የሚሠሩት እዚያው አጠገብ፣ ኪርያት ሀሻሮን፣ አረጋውያን ቤት ነው፤ ከነሽርጣቸው ሮጠው መጥተዋል። ልጃቸውን አዩ። ጥበቃው ቢምረውን ወደ ግቢው ሲያወጣውም አዩ። አልጮኹም። ቀጥ ብለው ሄደው በጥፊ መቱት፤ ሁለተኛ መቱት፤ ሦስተኛው ላይ ነው ሚሬት ከኋላ ያቀፈቻቸው። እጁ የታሰረ ልጅ ፊቱን እንኳ መሸፈን አልቻለም።

«ልጄ ምን አደረገህ?» አሉት። «ምን አደረገህ? ያንተ ዘር ያንተ ወገን አይደለም ወይ? ነጭ ቢመታው ይሻለኝ ነበር!»

ተናኜ ይህን ሁሉ ከተማሪዎቹ መካከል ቆማ አየች። እያንዳንዱ ጥፊ የእሷ ነበር። ይፍዓት እጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛታለች።

በዚህ መሀል በግቢው በር አንድ ሰው ገባ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የብርቱካን ማሸጊያ ቤት ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፤ አቶ አለበል ናቸው፣ የቢምረው አባት። በስልክ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጅዎ ሰው ፈንክቷል፣ ደም ፈሷል። በሩ ላይ ቆሙ። አምቡላንሱን አዩ፤ አንዲት እናት ስታለቅስ አዩ። ከዚያ ወደ ሣሩ ዞር ብለው ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን፣ ክቡን፣ ትልቁን አነሡ። ቁጥሩን አላነበቡም። በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ማጅራታቸው ላይ ጫኑትና አጎንብሰው ወደ ወይዘሮ ብርሃነሽ መራመድ ጀመሩ።

ተናኜ ይህን አንድ ጊዜ አይታለች፣ ጎንደር፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች። ደም ያፈሰሰ ሰው፣ ወይም አባቱ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ቤት ደጅ ይንበረከካል። ይቅር ብለንሃል እስኪባል ድረስ ድንጋዩን አያወርድም። ቀኑን ሙሉም ቢሆን።

ጥበቃው ግን ጎንደርን አያውቅም። የማያውቀው ሰው፣ በግቢው መሀል፣ ድንጋይ ከፍ አድርጎ ወደ አንዲት ሴት ሲሄድ ነው የታየው። «ኤቨን!» ብሎ ጮኸ። «ድንጋይ! ድንጋይ ይዟል! ተኙ!»

ተማሪዎቹ መሬት ላይ ወደቁ። ጥበቃው ሽጉጡን መዝዞ ሮጠ። አቶ አለበል አልቆሙም፤ አጎንብሰው ስለነበር የሚያዩት ጠጠሩን ብቻ ነው። ከጎናቸው መጥቶ በትከሻው ሲገጫቸው ድንጋዩ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በሌላ በኩል ወደቁ። ፊታቸው ጠጠሩን መታው። ጥበቃው ጀርባቸው ላይ ወጥቶ የሽጉጡን አፈሙዝ ማጅራታቸው ላይ፣ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ላይ ደገነው።

«አባዬ!» ቢምረው እጁ እንደታሰረ ሮጠ፣ ተደናቅፎ ወደቀ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ቀጠለ። «አባቴን! አባቴን አትንካ!»

«እንዳትንቀሳቀስ! ሁለታችሁም!»

ተናኜ ከይፍዓት እጅ እጇን ነጥቃ ተነሣች። ስትሮጥ ራሷን አገኘችው። «አትተኩስ! አትተኩስ!» እያለች በዕብራይስጥ ትጮሃለች። «ሊመታ አይደለም! ይቅርታ ሊጠይቅ ነው! ስሊሓ ነው፣ ስሊሓ! በእኛ አገር እንደዚህ ነው የሚጠየቀው!»

ጥበቃው አያት፤ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። አስጎብኚው ሽማግሌ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀስ ብሎ መጣና «ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ውረድለት» አለው። ሚሬትም ለመነችው። ጥበቃው ሽጉጡን አወረደ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

አቶ አለበል ቀና አሉ። ከአፋቸው ደም ይወርዳል፤ አንድ ጥርሳቸው በጠጠሩ ላይ ቀርቷል። ልጃቸውን አላዩም፤ ጥበቃውንም አላዩም። ወደ ድንጋዩ በጉልበታቸው ሄዱ። አንድ እጃቸው ስላበጠ ማንሣት አቃታቸው፤ በክርናቸው እየደገፉ እንደገና ማጅራታቸው ላይ ጫኑት። ከዚያ ወይዘሮ ብርሃነሽ እግር ሥር ደርሰው ተንበረከኩ። ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም።

«እቴ» አሉ። «ስለ ኦሪቱ ብለሽ።»

ወይዘሮ ብርሃነሽ ፊታቸውን ወደ አምቡላንሱ አዞሩ። ይህ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አያት ቅድመ አያታቸው ያወቁት ነው። ግን አላየሁም ማለትን መረጡ።

ሚሬት ደብተሯን አወጣች። ሚሽታራው እስኪመጣ የሆነውን መጻፍ አለባት። «ተናኜ» አለች በተሰበረ ድምፅ፣ «ምን እያሉ ነው? እባክሽ ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ተናኜ ቃል በቃል መተርጎም ታውቃለች። ሥራዋ ነው። ሐኪሙ ለእናቷ ክፉ ነገር ሲናገር እንኳ አንድ ቃል አስቀርታ አታውቅም።

«ስሜ አለበል ነው» አሉ አቶ አለበል።

«ስሜ አለበል ነው» አለች በዕብራይስጥ። ሚሬት ጻፈች።

«ልጄን እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ልጄን እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የልጅሽን ደም ያፈሰሰው ልጄ ነው። አልክድም። አይክድም። እሱን ተዪው፣ ቂሙን እኔ ላይ አድርጊው።»

ተናኜ ይህን አልተረጎመችም።

ሚሬት ብዕሯን ይዛ ጠበቀቻት። «ምን አሉ?»

ድንጋዩ በአቶ አለበል ማጅራት ላይ ይንቀጠቀጣል። ላብና ደም በአገጫቸው ላይ ተቀላቅሎ ጠጠሩ ላይ ይንጠባጠባል። ቢምረው ከኋላቸው በጉልበቱ ቆሞ፣ አሁን አንገቱን አልደፋም፤ ተናኜን ትክ ብሎ ያያታል። የሆነ ነገር የሚጠይቃት አይመስልም። የሚጠብቃትም አይመስልም።

እናቷን አሰበች። የመድኃኒት ሣጥኗን፣ በየቀኑ የምትከፍተውን ትንንሽ ክዳን። ሰሜን ጫፍ ያለውን ትምህርት ቤት አሰበች፤ አይታው አታውቅም፣ ቢሆንም ረጅም ኮሪደር ሆኖ ታያት። ፈራች። በሕይወቷ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም።

«ተናኜ?» አለች ሚሬት።

ተናኜ ወደ አቶ አለበል ሄደች። ጠጠሩ ላይ ከጎናቸው ተንበረከከች።

«አባ አለበል፣ ይስጡኝ።»

«ሂጂ ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የአንቺ ቦታ አይደለም። ይህ የአባት ነው።»

«የእኔ ነው» አለች። «ይስጡኝ።»

«ተናኜ!» ይፍዓት ከኋላ እየጮኸች ነበር። «ዲ! ተናኜ፣ ዲ፣ በቃ! ተነሺ!»

እጆቿን ከድንጋዩ ሥር አስገባች። አቶ አለበል መጀመሪያ አለቀቁም። ከዚያ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው ፊቷን አዩት፤ ብዙ አዩት፤ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ላሉ። ድንጋዩ ማጅራቷ ላይ ሲያርፍ ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። ደረቷ ወደ ጠጠሩ ሊደፋ ደርሶ በእጇ ደገፈችው። የአቶ አለበል ደም አንገቷን ነካው።

ካጎነበሰችበት የሚታያት የወይዘሮ ብርሃነሽ የሥራ ጫማ ብቻ ነበር፣ ነጭ፣ ጫፉ ላይ የአልሞግ ደም ያለበት። ጫማው ወደ አምቡላንሱ ዞሮ ነበር።

«እትዬ ብርሃነሽ» አለች በአማርኛ። «ቢምረው አይደለም። መጁን መብራት ሲጠፋ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አልሞግን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ጫማው ዞረ።

ከዚያ ያንኑ በዕብራይስጥ ደገመችው፣ ለሚሬት፣ አንድ ቃል ሳታስቀር። ሚሬት አልጻፈችም። ደብተሩ ከእጇ ወድቆ ነፋሱ ገጾቹን ያገላብጣቸዋል።

የአምቡላንሱ ሾፌር ሞተሩን አስነሣ። አንድ ሰው «እናትየዋ ትግባ» ብሎ ተጣራ። ወይዘሮ ብርሃነሽ አልተንቀሳቀሱም። ማንም ይነሣላት አላለም። ተናኜ ጉልበቷን ጠጠሩ ላይ አስተካከለችና ጠበቀች።